ራሚፊኬሽን፦ ሲጠቀሙበት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ራሚፊኬሽን ከአንድ ድርጊት እየተያያዘ የሚመጣ ውጤት ማለት ነው። የዚህ የእንግሊዝኛ ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ «ራሙስ» ማለት ቅርንጫፍ ነው። ግንዱ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፉም ሌላ ያበቅላል። ይህን የዛፍ ሥዕል የዘነጋ ሰው ነው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው።

ዋናው ስህተት ቃሉን ለማንኛውም ውጤት መስጠት ነው። ተማሪ አጥንቶ ፈተና ቢያልፍ ያ «ሪዘልት» ነው፣ በቃ። አንድ ዋና መንገድ ለጥገና ተዘጋ እንበል። መኪኖች ዞረው መሄዳቸው ቀጥተኛ ውጤት ነው። በመንገዱ ዳር ያለው ሱቅ ገበያ ማጣቱ፣ ባለሱቁ ኪራይ መክፈል ሲያቅተው ሠራተኛውን ማሰናበቱ ግን ራሚፊኬሽን ነው፤ አንዱ ሌላውን እየወለደ፣ መንገዱን የዘጋው ሰው ወዳላሰበው ቤት ይደርሳል።

በአማርኛ የሚቀርበው «መዘዝ» ነው። እንደ መዘዝም ወደ ክፉው ያደላል፤ ስለዚህ በእንኳን ደስ አለዎት ደብዳቤ ወይም የፕሮጀክትን ጥቅም በሚዘረዝር ጽሑፍ ውስጥ አያስገቡት። ሰዋስው አይጣስም፤ አንባቢው ግን ምን ችግር መጣ ብሎ ይደነግጣል። እዚያ «ቤኔፊት» (ጥቅም) ይሻላል።

መዘዝ ብቻውን ስለማይመጣ ቃሉም በዚህ ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ቁጥር፣ «ራሚፊኬሽንስ» ተብሎ ይጻፋል። ከምክንያቱ በፊት «ኦፍ»፣ ከሚነካው ወገን በፊት «ፎር» ይገባል፦ «ዘ ራሚፊኬሽንስ ኦፍ ዘ ዲሲዥን ፎር ፋርመርስ»፤ ውሳኔው በገበሬዎች ላይ የሚያስከትለው መዘዝ ማለት ነው።

ከ«ራቲፊኬሽን» ጋር ማምታታት ደግሞ ሕግ ነክ ጽሑፍ ላይ ያሳፍራል። በነጋሪት ጋዜጣ የብድር ስምምነት «ማጽደቂያ አዋጅ» ሲወጣ በእንግሊዝኛው ዓምድ ያለው ራቲፊኬሽን ነው። በአንዲት ፊደል ስህተት የጸደቀው ስምምነት መዘዝ ይሆናል። «ራሚፊኬሽን» ሲሉ ድምፁ ጎላ የሚለው «ኬ» ላይ ነው፤ ግሱ «ራሚፋይ» ግን «ራ» ላይ ይጎላል።

ግሱን «መዘዝ አመጣ» ብለው አይተርጉሙት፤ ትርጉሙ ቅርንጫፍ እያወጣ ተሰራጨ ነው። ከ«ባይፈርኬት»ም ይለያል፤ ያኛው ለሁለት መከፈል ብቻ ነው። የአየር ቧንቧችን ደረት ውስጥ ሲደርስ ወደ ግራና ቀኝ ሳንባ ይከፈላል፤ ይህ ባይፈርኬት ማድረግ ነው። ሳንባ ውስጥ ከገባ በኋላ እየቀጠነ፣ ደጋግሞ እየተከፋፈለ እስከ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች የሚዘረጋው ነው ራሚፋይ የሚያደርገው።