የልጅ ድምፅ ሲጎረንን የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጅ ኳስ ሜዳ ሲጮህ ውሎ ማታ ድምፁ ቢዘጋ ብዙም አያስደነግጥም። የሚያሳስበው ሳምንታት አልፈውም ሳይጠራ ሲቀር ነው። ያኔ ነው ስህተቶቻችን የሚበዙት።

የመጀመሪያው «ሲያድግ ይተወዋል» ማለት ነው። ጉንፋን ያመጣው መሻከር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። አራት ሳምንት ካለፈው ግን የአንገት በላይ ሐኪም በቀጭን ካሜራ ማንቁርቱን ማየት አለበት። በብዛት የሚገኘው ከጩኸት ብዛት የድምፅ አውታሮች ላይ የሚወጣ ትንሽ እብጠት ነው፤ ዶማ የያዘ እጅ መጅ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ወንዶች ልጆች ላይ ይበዛል። ካንሰር አይደለም። ብዙውን ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በድምፅ ልምምድ ይሻሻላል። ሁሌ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ የሚያመጣው ፓፒሎማ የሚባል ኪንታሮት መሰል እድገት አለ፤ የአየር መተላለፊያውን ቀስ በቀስ ያጠባል። አስም ነው ተብሎ ጊዜ የሚባክንበት አጋጣሚም አለ። ስለዚህ ልጁ ድምፁ ጎርንኖ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ፣ አራት ሳምንት አይጠበቅም። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ።

ሁለተኛው እንጥል ማስቆረጥ ነው። እባካችሁ ይሄ ይቅር። ድምፅ የሚወጣው ከእንጥል ሳይሆን ከሱ በታች ካለው ማንቁርት ነው። ልጁ ይደማል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ድምፁ ግን እንደነበረው ይቀራል።

«በሹክሹክታ አውራ» የሚለው ምክርም አያዋጣም። ብዙ ሰው ሲያንሾካሹክ ጉሮሮውን ያጨናንቃል። ለስለስ ባለ በራሱ ድምፅ ቢያወራ ይሻለዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ጉሮሮውን እያየን ልጁን መርሳታችን ነው። ድምፁ የማይሰማለት ልጅ መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም። በስልሳ ልጅ ጫጫታ መሃል «ጮክ በል!» ሲባል ይሸማቀቃል። ጮክ ብሎ ሲያነብ ድምፁ ይቆራረጥበታል፤ መምህሩ አላጠናም ብሎ ያስባል። ጓደኞቹ «እንደ ሽማግሌ ነው የምታወራው» ይሉታል። ሴት ልጅ ደግሞ በስልክ «አቤት ወንድሜ» ስትባል መዝሙርም ጨዋታም ትተዋለች። እኛ ይህን ሁሉ ዝምተኝነት ወይም ዓይን አፋርነት እንለዋለን። በዓለም ላይ ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው መጠይቆች ስለ ድምፁ ብቻ አይጠይቁም፤ ልጁ ይከፋዋል ወይ፣ ከሰው ይሸሻል ወይ ብለውም ይጠይቃሉ። ይህን ለመጠየቅ ቀጠሮ አያስፈልግም። «ክፍል ውስጥ ስታወሪ ምን ይሉሻል?» በሏት፤ መልሷንም ሳታቋርጡ ስሙ።

በመጨረሻ፣ የድምፅ ልምምዱን ለልጁ ብቻ አትተዉት። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይቀነስ፤ ከክፍል ወደ ክፍል መጣራቱም ይቅር። ልጁ ሕክምና ላይ መሆኑን መምህሩ ይወቅ፤ ፊት ወንበር ያስቀምጠው፣ ውሃም በየመሃሉ ይጠጣ።