ፊደልን ከድንጋይ፣ ከዛፍና ከቤት ዕቃ ላይ በፎቶግራፍ መልቀም፦ በጎንደር እንዴት ይሠራል?

ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርነው ከየኔታ ፊት ተቀምጠን፣ ገበታውን በስንጥር እየነካን፣ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያልን በዜማ ስለሆነ ድምፁ በጆሯችን ቀርቷል፤ ቅርጹን ግን ልብ ብለን ያየንበት ጊዜ ጥቂት ነው። የፊደላቱ የጥንት ስሞች ሲጤኑ ደግሞ ነገሩ የሚጀምረው ከዓይን እንደሆነ ይገባናል። የበ ስም «ቤት» ነው። መ «ማይ» ይባላል፤ ውኃ ማለት ነው። ረ «ርእስ»፣ ፈ «አፍ»፣ ዐ «ዐይን» ናቸው። እነዚህን ስሞች ይዞ በጎንደር ከተማ የሚዞር ሰው ቤትን፣ ውኃንና ዐይንን በየደረሰበት ስለሚያገኝ፣ ከእነርሱ ላይ ፊደል መልቀም የሚያስቸግረው አይሆንም። ከዚህ በታች የምገልጸው ይህን የመልቀም ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚያከናውኑት ነው። የሚያስፈልግዎ የስልክ ካሜራ፣ ወረቀት፣ ጥቁር ቀለምና አንድ ዘንግ መቃ ብቻ ነው።

በቅድሚያ እጅዎን ያሠልጥኑ

ካሜራውን ከማንሣትዎ በፊት ፊደሉን በእጅዎ ይጻፉት። መቃ ካላገኙ ሸምበቆ ይሆናል። ዘንጉን በስለት አሹለው ጫፉን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው ቀጥ አድርገው ይቁረጡትና በመካከሉ ቀለሙ የሚወርድበት ትንሽ ስንጥቅ ያውጡለት። የብዕሩ ጫፍ በወረቀቱ ላይ አግድም እንዲያርፍ አድርገው ወደ ታች ሲስቡት ወፍራም መስመር፣ ወደ ጎን ሲስቡት ደግሞ ቀጭን መስመር ይወጣል። የብራና ጽሕፈታችን ቋሚዎቹ የሚወፍሩትና አግዳሚዎቹ የሚቀጥኑት በዚህ ምክንያት ነው። በጎንደር ዘመን የታወቀው «ጉልሕ» የተባለው ትልልቅና ጥርት ያለ የአጻጻፍ ስልትም ውበቱን ያገኘው ከዚሁ የውፍረትና የቅጥነት ልዩነት ነው።

ለመጀመሪያው ቀን አሥር ፊደላት ይበቃሉ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ቀ፣ ወ፣ ዐ እና ፀ። እያንዳንዱን ሃያ ጊዜ ያህል ከጻፉ በኋላ አጽሙን በአንድ ሐረግ ለራስዎ ይግለጹ። ሀ አፉን ወደ ላይ የከፈተ ጽዋ ነው። በ በሁለት እግሩ የቆመ ደጃፍ ነው። ሐ ሦስት እግር አለው። ሰ የተገለበጠ ባላ ይመስላል። ዐ ክብ ነው፤ ክቡን ቋሚ መስመር ሲከፍለው ወ፣ አግዳሚ መስመር ሲከፍለው ፀ ይሆናል፤ ቋሚው ከክቡ አልፎ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ቀ ነው። ይህን አጽም ሳይይዙ የወጡ እንደሆነ ማንኛውም ነገር ማንኛውንም ፊደል ይመስልዎታል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ያነሣኋቸውን ፎቶዎች በሙሉ የጣልኳቸው በዚህ ስሕተት ነው።

ቃል ይምረጡ

ያለ ቃል የሚለቀም ፊደል ተበታትኖ ይቀራል። መሠረታዊዎቹ ፊደላት 33 ሲሆኑ በሰባት ሲባዙ 231 ስለሚደርሱ፣ ሁሉንም አገኛለሁ ብሎ መነሣት ያደክማል። ከቤተሰብዎ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ይምረጡ፤ ቢቻል ፊደላቱ በሙሉ ግእዝ የሆኑትን። በቀለ፣ አበበ፣ ከበደ ለጀማሪ የተመቹ ናቸው። እኔ የምመክረው በቀለን ነው፤ ሦስቱም ፊደላት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ከመሆናቸውም በላይ ትርጉሙም ለሥራው ይስማማል።

ከግእዙ ቀጥሎ ወደ ካዕብና ወደ ኃምስ ማለፍ ይቻላል፤ ካዕብ በአብዛኛው በቀኝ በኩል ትንሽ ክንድ፣ ኃምስ ደግሞ ከቀኝ እግሩ ግርጌ ቀለበት የሚጨምር ነውና። በደጃፍ ቀኝ በኩል ወጣ ብሎ የተሰካ መብራት በን ቡ ያደርገዋል። ሳድስ ግን ሥርዓት የለሽ ነው፤ በአንዱ ፊደል ላይ አንገት ይሰብራል፣ በሌላው ላይ ክንድ ያጥፋል። በጽሑፋችን ውስጥ ያለ እርሱ ቃል መመሥረት አስቸጋሪ ቢሆንም ለመጨረሻ ያቆዩት።

ከድንጋዩ ይጀምሩ

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም በዚያው በቤተ መንግሥታቸው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ሕንፃ አክለውበታል። ለእኛ ሥራ ዋናው ነገር የግንቡ አሠራር ነው። ግድግዳው ጠቆር ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በኖራ የተገነባ ሲሆን፣ የበሮቹና የመስኮቶቹ ዙሪያ በብዙ ቦታ ቀላ ባለ ድንጋይ ተከቧል። በብራና መጻሕፍት ላይ ቅዱሳት ስሞችና አርእስት በቀይ ቀለም እንደሚጻፉ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ መቆሙ አይቀርም፤ ግንበኛው ጥቁሩን ድንጋይ እንደ ጥቁር ቀለም፣ ቀዩን ድንጋይ እንደ ቀይ ቀለም የተጠቀመበት ይመስላል። ግንበኛው ይህን አስቦ ሠራው ማለቴ አይደለም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በፋሲል ግንብ ላይ ያለውን ደጃፍ ሁሉ በቀይ እንደ ተጻፈ በ ነው የማየው።

በን ለማንሣት ከደጃፉ ፊት ለፊት፣ በትክክል መካከሉ ላይ ይቁሙ። ስልኩን ወደ ላይ ካጋደሉት ሁለቱ እግሮች ወደ ላይ ስለሚጠጋጉ ፊደሉ ይጣመማል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ርቀው ስልኩን ቀጥ አድርገው ይያዙና ትርፉን በኋላ ይቁረጡት። ከዚያ ቀና ብለው ጣሪያው ጠርዝ ላይ የተደረደሩትን ጥርሶች ይመልከቱ። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ባዶ ሰማይ ሀ ነው። ጀማሪ የሚያየው ድንጋዩን ብቻ ስለሆነ ይህ ያመልጠዋል፤ ጸሐፊ ግን ቀለሙን የሚያየውን ያህል በቀለሙ መካከል ያለውን ባዶ ብራናም ያያል።

ሰዓቱን ይጠብቁ። በጎንደር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ስለምትቆም ግድግዳው ጥላ አልባና ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ቋሚውን መስመር በጥላ ያወፍረዋል፤ ብዕሩ በወረቀት ላይ የሠራውን ሥራ በድንጋዩ ላይ የሚሠራው ይህ ጥላ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲደርሱ አስቀድመው የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋዮች ያስፈቅዱ፤ ቢፈቀድልዎም የካሜራውን ብልጭታ ያጥፉ፤ ሥዕሉ ዕድሜ ጠገብ ነውና ኃይለኛ ብርሃን ሊደርስበት አይገባም። ጣሪያውን የሞሉት ክንፋም የመላእክት ፊቶች ዓይኖቻቸው ትልልቅና ክብ ናቸው። ፊደል አስተማሪዎቻችን ዐን ከአልፋው አ ለመለየት «ዐይኑ ዐ» የሚሉት ለምን እንደሆነ ከዚያ ጣሪያ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ከውጭ ደግሞ ጉልላቱ ላይ የተሰካውን የሰጎን እንቁላል ይፈልጉ፤ ክቡን ዘንጉ ሲያልፍበት ቀ ይሆናል። ለ ደግሞ ከሥራ ላይ ካለ ሕንፃ አይጠፋም፤ እርስ በርስ ተደግፈው የቆሙ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎች ይበቃሉ።

ወደ ውኃውና ወደ ዛፉ ይለፉ

ከግቢው ወጥተው ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይውረዱ። ገንዳው በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ ሲሆን፣ ለጥር 11 በዓል ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ውኃው ባለበት ሰሞን በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ የደረሰ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል። በገንዳው ውስጥ ወደ ቆመው ሕንፃ የሚያሻግረው ድልድይ ቅስቶች አሉት። እያንዳንዱ ቅስት በ ነው፤ በውኃው ውስጥ የሚታየው ጥላው ግን አፉን ወደ ላይ ስለሚከፍት ሀ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ለማስቀረት ስልኩን እስከ ውኃው ጠርዝ ዝቅ አድርገው ይያዙት፤ ዝቅ ባሉ ቁጥር ጥላው ይጠራል። ማይ በን ወደ ሀ ሲለውጠው ማየት፣ በእኔ ግምት በከተማዋ ውስጥ ከሚለቀሙት ፊደላት ሁሉ የሚበልጠው ነው።

በደረቁም ወቅት ቢሆን አይመለሱ። በአጥሩ ላይ የበቀሉት ግዙፍ ዛፎች ሥሮቻቸውን በድንጋዩ ላይ ለቀውት፣ ወፍራሙ ከቀጭኑ ተጠላልፎ ይወርዳል። እዚህ ሰ እና ሐ በብዛት አሉ፤ ችግሩ መብዛታቸው ነው። ስለዚህ ጠጋ ብለው ከአንድ ፊደል በቀር ሌላ እስከማይገባ ድረስ ፍሬሙን ያጥብቡ። የመጻሕፍት ራስጌ ጌጥ «ሐረግ» የተባለው በሚጠላለፈው ተክል ስም መሆኑን እያሰቡ ቢሠሩ ዓይንዎ ቶሎ ይለምዳል።

ፀ ከሰማይ ይገኛል። ፊደሉ «ፀሐዩ ፀ» ይባላልና፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ የመብራት ሽቦ ክቧን በአግድም የሚከፍልበትን ቦታ ይፈልጉ። ፀሐይዋን በቀጥታም ሆነ በካሜራ መነጽር ቀዳዳ አይመልከቱ፤ በስልኩ ማሳያ ብቻ ይሥሩ፣ ደመና ወይም አቧራ ሸፈን ያደረጋትን ምሽትም ይምረጡ።

በመጨረሻ ወደ ቤት ይግቡ

በቤት ውስጥ ያለው ፊደል ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በዕቃው ላይ ያለው ነው። ሊቆላ የተዘረጋ ቡና ላይ በመካከሉ የተሰነጠቀችው ፍሬ ቀጥ ብላ ስትተኛ ወ፣ በጎኗ ስትዞር ፀ ናት። ያነሡትን ፎቶ አዙረው ሌላ ፊደል ማድረግ ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ ፍሬዋን በእጅዎ ያዙሯት እንጂ ፎቶውን አያዙሩት።

እናቴ በ1970ዎቹ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። አንድ ቀን ጥጥ ስትፈትል፣ ፈትሉ የተጠቀለለበትን እንዝርት ቀጥ አድርጋ እንድትይዝልኝ ለምኜ ፎቶ አነሣሁና «እማዬ፣ ይኸውልሽ ቀ» ብዬ አሳየኋት። ጥቂት ካየችው በኋላ ፈትሉን ከዘንጉ በቀኝ በኩል ሳብ አድርጋ በጣቷ ወጥራ ያዘችና «አሁን ደግሞ አንሺው፤ ቁ ነው» አለችኝ። ከአርባ ዓመት በላይ እንዝርት ስታሾር የኖረችበት እጅ ካዕቡን ከእኔ ቀድሞ አገኘው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የቤተሰብዎን ሰው በፎቶው ውስጥ ከማስገባት አልፈው ፊደሉን እንዲሠራልዎ ይጠይቁት፤ መሶብ የምትሰፋው፣ ጥልፍ የምትጠልፈው፣ ሸማ የሚሠራው ሰው መስመርን በእጁ ያውቃል።

ሁለተኛው በእውነት የተጻፈው ነው። የድሮ ፎቶዎችን ጀርባ፣ የቆዩ ደብዳቤዎችን፣ በአንዳንድ ቤት በዳዊት ወይም በመጽሐፍ ቅዱስ ባዶ ገጽ ላይ የሰፈረውን የልጆች ልደትና የክርስትና ስም ይመልከቱ። አባቴ «ቀ» የሚለውን ፊደል ሲጽፍ ክቡን ወደ ግራ ያጋድለው ስለነበር ደብዳቤው ሳይነበብ ከማን እንደመጣ እናውቅ ነበር። እንዲህ ያለውን እጅ ለማንሣት ወረቀቱን ከመስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያኑሩ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ብዕሩ ወረቀቱን የተጫነበት ቦታ ሳይቀር ይታያል። የታጠፈ ወረቀት በኃይል አይዘርጉ፤ በማጣበቂያ ፕላስተርም አይለጥፉ።

መምረጥና ማስቀመጥ

ያነሡትን ወዲያው አይምረጡ፤ ሳምንት ያሳድሩት። ከዚያ እያንዳንዱን ፎቶ ምንም ሳይናገሩ ለአንድ ሕፃን ተማሪ ያሳዩ። ፊደሉን ስሙን ጠርቶ ከነገረዎት ይቀመጥ፤ ማስረዳት ካስፈለገዎት ይጣሉት። የቀሩትን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡ፤ ቀይ ድንጋይ ያለባቸውን ግን እንደ ቀይ ቀለም ጽሕፈት በቀለማቸው ይተዉአቸው። ፊደላቱ በቃሉ ውስጥ እኩል ቁመት እንዲኖራቸው አድርገው ይቁረጡና አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ ያሳትሙ። ሁለት ቃል ካለዎት በመካከላቸው ሁለት ነጥብ ያስገቡ፤ በአሮጌ የእንጨት በር ላይ አንዱ ከሌላው በላይ የተመቱ ሁለት ምስማሮች ለዚህ ይሆናሉ።

ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ የተነሣበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ አብሮዎት የነበረውንም ሰው ስም ይጻፉ። የሚጽፉት በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የእስክርቢቶ ቀለም ሲቆይ ወደ ፎቶው ፊት ሊያልፍ ይችላል።