ጨለማ ቤት አትደብቋቸው፦ ከዓይን የብርሃን ሕክምና በኋላ የማያቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የዓይን ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ሐበሻ ታካሚ ሲመጣ አስተርጓሚም እኔው ነኝ።

ሬቲና (ዓይን ውስጥ ከጀርባ በኩል ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ሥር ያለቦታቸው የበቀሉ ደም ሥሮችን በብርሃን የመዝጋት ሕክምና አጭር ነው። ቨርቴፖርፊን የሚባል አረንጓዴ መድኃኒት በክንድ በኩል ለ10 ደቂቃ ይገባል። መግባት በጀመረ በ15ኛው ደቂቃ ሐኪሙ ዓይን ውስጥ ቀይ ሌዘር ለ83 ሰከንድ ያበራል፤ ብርሃኑ መድኃኒቱን ቀስቅሶ ደም ሥሮቹን ይዘጋል። አለቀ። ጣጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው፤ መድኃኒቱ ቆዳም ውስጥ አለ፣ ኃይለኛ ብርሃን ካገኘው እዚያም ያቃጥላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «5 ቀን ፀሐይ እንዳይነካዎት» እንላለን። ልጆች እናታቸውን ይወስዱና መጋረጃ ጋርደው፣ መብራት አጥፍተው ያስተኟቸዋል። አንዷ በሦስተኛው ቀን ደውለው «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው የታሰርኩት?» አሉኝ። ኧረ ተዉ! የተለመደው የቤት መብራት ቆዳ ውስጥ የቀረውን መድኃኒት ቀስ በቀስ ያከሽፈዋል። ጨለማ ውስጥ ግን እንዳለ ይቆያል። ሳሎን ይቀመጡ፣ ቡና ያፍሉ። የሚከለከለው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር መቀመጥ፣ ሃሎጅን የሚባለው ኃይለኛ መብራትና የጥርስ ሐኪም መብራት ነው። ደግሞ እኔም ሥራ እንደጀመርኩ «ለጥንቃቄ» ብዬ ጨለማ እመክር ነበር። አፍራለሁ።

ሰንስክሪን ተቀብቶ መውጣትም አይሠራም። ቅባቱ የሚከላከለው አልትራቫዮሌትን ነው፤ መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰው ግን በዓይን የሚታየው ብርሃን ነው። የግድ መውጣት ካለ ወፍራም ልብስ፣ ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽር። ነጠላ አይቆጠርም! አንዲት እናት ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሲመለሱ እጃቸው ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል። ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሸላቸው። ምች አልነበረም፣ ቃጠሎ ነበር።

«አውሮፓ ያለችው እህቴ 2 ቀን ይበቃል አለች» የሚሉም አሉ። እውነቷን ነው፣ እዚያ የሚታዘዘው 48 ሰዓት ነው። እናንተ ግን ያከማችሁ ክሊኒክ ያላችሁን ስሙ። ወደ አዲስ አበባ መመለሻ ትኬታችሁም ከእነዚያ ቀናት በኋላ ይሁን።

መድኃኒቱ ሲገባ ክንድ ካመመ ወዲያው ተናገሩ። የኛ ሰው «ነርሷን ላላስቸግር» ብሎ ጥርሱን ነክሶ ይችላል። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጪ ፈስሶ ከሆነ ማቆም፣ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ፣ እብጠቱና ቀለሙ እስኪጠፋ ክንዱን ከብርሃን መሸፈን አለብን። የጀርባ ሕመምም ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይተዋል።

የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክና አንዳንድ የሚያሸኑ የግፊት መድኃኒቶች ቆዳን ለብርሃን ይበልጥ ያጋልጣሉ። ፖርፊሪያ (ብርሃን የሚቀሰቅሰው ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ የሚከማችበት ሕመም) ያለበት ሰው ሕክምናውን ጨርሶ አይወስድም።

መኪና አትንዱ፤ ዓይን ለጥቂት ቀናት ሊደበዝዝ ይችላል። ይህ የተለመደ ነው። ከ100 ሰው ከ1 እስከ 5 የሚሆነው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኑ በጣም ይቀንስበታል። ያን ጊዜ የ3 ወሩን የክትትል ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ደውሉ።