ለኮሌጅ ባለውለታዎች ምስጋና ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንድ ኮሌጅ የምሥረታ በዓሉ ወይም የምረቃው ቀን ሲቃረብ «ባለውለታዎቻችንን ለምን አናመሰግንም?» የሚል ሐሳብ ይነሣና ኮሚቴ ይቋቋማል። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ኮሚቴው ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ባነሩ፣ ስለ ካባውና በክብር እንግድነት ስለሚጠራው ባለሥልጣን መነጋገር ይጀምራል፤ ተመስጋኙ በትክክል ምን እንደሠራ አጣርቶ የሚጽፍ ሰው የሚፈለገው ግን ብዙውን ጊዜ በበዓሉ ዋዜማ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ለሚያዘጋጁ የኮሌጅ ሠራተኞችና የቀድሞ ተማሪዎች ከዚህ በታች የቀረቡት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ከተገለበጠ ቅደም ተከተል የሚመነጩ ናቸው።

ሰውን ትቶ ወንበርን ማመስገን

የተመስጋኞች ስም ዝርዝር ሲወጣ ከላይ የሚሰፍሩት ዲኖች፣ ምክትል ዲኖችና የቦርድ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ስማቸው በየደብዳቤውና በየቃለ ጉባኤው ስለሚገኝ ፍለጋ አያደክምም። ዲን መሆን ግን በራሱ ውለታ አይደለም፤ ተሹመው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚሠሩት ሥራ ነው። ጥሩ ዲን ሊመሰገን ይገባል፤ የሚመሰገነው ግን በወንበሩ ላይ ስለተቀመጠ ሳይሆን ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ኖሮ ሊቀር ይችል የነበረ ነገር ስለሠራ ነው። ይህን መለኪያ የያዘ ኮሚቴ ዝርዝሩ ወዲያው ይለወጥበታል። መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ያረጀውን ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሾረ የሚቀርጸውን ማሽን፣ እየፈታና እየገጠመ የብረታ ብረት ክፍሉን ሳያዘጋ ያቆየው የወርክሾፕ ባለሙያ፣ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የተማሪዎችን ውጤት በእጁ ጽፎ በየዓመቱ ለይቶ ያስቀመጠው የሬጅስትራር ሠራተኛ፣ ከገጠር የመጡና ቤት መከራየት ያቃታቸው ተማሪዎች የሚጠጉበት ቤት ሲያፈላልጉ የኖሩት የጽዳት ሠራተኛ እናት ከዲኖቹ ጎን፣ አንዳንዴም ከእነርሱ በላይ ይሰፍራሉ።

በእነዚህ ሁለት ከተሞች መጠየቅ ያለበት ሌላም ጥያቄ አለ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ አንሥቶ እስከ ኅዳር መገባደጃ ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት በሕወሓት ኃይሎች እጅ በወደቁባቸው ሳምንታት የትምህርትና የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ከተጎዱት አንዱ ነበር። በዚያ ወቅት የተማሪ መዝገብ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ወስዶ የሸሸገ ሠራተኛ፣ ወይም ግቢውን ጥሎ ያልሄደ ጥበቃ በኮሌጁ ውስጥ ከነበረ፣ የእርሱን ያህል ምስጋና የሚገባው ሰው ማግኘት ያዳግታል። ይህን ታሪክ የሚያውቁት ቃለ ጉባኤዎቹ ሳይሆኑ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ስለዚህ ኮሚቴው ማስታወቂያ ለጥፎ ጥቆማ ከመጠበቅ ይልቅ በየክፍሉ እየዞረ መጠየቅ፣ መጻፍ ለማይቀናቸውም ጥቆማቸውን በቃል መቀበል ይኖርበታል።

ከአጥሩ ውጭ ያሉትን መርሳት

የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ሙያውን የሚጨብጠው በኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በትብብር ሥልጠና ወደ ፋብሪካና ወደ ጋራዥ ይላካል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎች፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉባት ከተማ በመሆኗ፣ ሠልጣኞችን በየዓመቱ የሚቀበሉ ፎርማኖችና የፈረቃ መሪዎች የኮሌጁ ደመወዝ የሌላቸው መምህራን ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ሠልጣኝ ማሽን አጠገብ ሲቆም አደጋ እንዳይደርስበት የሚጨነቀው፣ ምርቱን ቢያበላሽም ከአለቃ ጋር የሚከራከርለት ይኸው ፎርማን ነው። በኮሌጁ የሠራተኞች መዝገብ ላይ ስለሌለ ግን ማንም አያስታውሰውም።

የዚህ ስህተት ግልባጭ ደግሞ ለዝግጅቱ ገንዘብ የሰጠን ሁሉ ባለውለታ ማለት ነው። ውኃና ድንኳን ያቀረበ ድርጅት በፕሮግራሙ መጨረሻ በስሙ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሠላሳ ዓመት ካስተማረ ሰው ጎን ቆሞ ካባ ሲለብስ ግን ካባው ዋጋ የተቆረጠለት ይመስላል።

ምስክር ወረቀቱን በባዶ ቃላት መሙላት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «ለኮሌጃችን ዕድገት ላበረከቱት የላቀና የማይተካ አስተዋጽኦ ይህ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በብዙ ሳሎን ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሎ ይገኛል። ስሙን አንሥተው የሌላ ሰው ስም ቢያስገቡበት ከቀረው ጽሑፍ አንዲት ፊደል መለወጥ አያስፈልግም፤ ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው። ስለ ማንም ሊነገር የሚችል ምስጋና ለማንም አልተሰጠም።

ከላይ ለጠቀስነው ዓይነት የወርክሾፕ ባለሙያ ቢጻፍ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦ «ክፍሉ ሁለት ቶርኖ ብቻ በነበረው ጊዜ ሠልጣኞቹን በጠዋትና በማታ ፈረቃ ከፋፍለው፣ ማሽኑን በእጁ ሳይነካ የተመረቀ ሠልጣኝ እንዳይኖር አድርገዋል፤ ዛሬ በክፍሉ ከሚያስተምሩት መካከል ሦስቱ የእርሳቸው ተማሪዎች ናቸው።» ይህ ጽሑፍ አንድም የሙገሳ ቅጽል የለበትም፤ የሚያነበው ሰው ግን ተመስጋኙ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ የልጅ ልጁም ከዓመታት በኋላ ሲያነበው አያቱ ምን እንደሠሩ ይረዳል።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለማግኘት ቢያንስ ሦስት ሰዎችን ማነጋገር ይጠይቃል፤ አብሮ የሠራ ባልደረባ፣ ከእርሱ የተማረ ሰው፣ እንዲሁም አለቃው የነበረ ሰው። ለሦስቱም «እርሳቸው ባይኖሩ ምን ይቀር ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ማቅረብ «ስለ እርሳቸው ምን ይላሉ?» ከማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል፤ ሁለተኛው ጥያቄ «እጅግ ደግ ሰው ናቸው» ከሚል ምላሽ አያልፍምና። ተመስጋኙን ብቻ መጠየቅም አያዋጣም። የእኛ አገር ትልቅ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ «እኔ ምን ሠራሁና» ብሎ ወደ ቡናው ይመለሳል። ረቂቁ ካለቀ በኋላ ግን ሊነበብላቸው ይገባል፤ ያልሠሩት ተጨምሮ እንደሆነ ቀድመው የሚያርሙት እርሳቸው ናቸው። በተለይ «የመጀመሪያው»፣ «ብቸኛው»፣ «መሥራቹ» የሚሉት ቃላት ሳይጣሩ መግባት የለባቸውም። አምስት ሰው ያቋቋመውን ክፍል ለአንድ ሰው ሲሰጡት፣ የቀሩት አራቱ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ፤ ከአዳራሹ ሲወጡ ግን የሚያወሩት ሌላ ነው።

ዓመተ ምሕረቱንና ስሙን አለማጣራት

የኮሌጅ ሰነዶች በሁለት የዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የውስጥ ደብዳቤዎች በእኛ አቆጣጠር ሲጻፉ፣ ከውጭ ረጂ ድርጅቶች ጋር የተፈረሙ ስምምነቶችና የመሣሪያ ርክክብ ሰነዶች በአብዛኛው በአውሮፓውያኑ ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ ቁጥሩን እንዳለ የሚገለብጥ ጸሐፊ ተመስጋኙን ገና ተማሪ በነበረበት ጊዜ መምህር፣ ጡረታ በወጣበት ጊዜም ሠራተኛ ሊያደርገው ይችላል። ወሩን ሳያዩ ዓመቱን መለወጥ አይገባም።

ስምን በተመለከተ፣ ሰይድ፣ መሐመድ፣ አሊና አሕመድ በሚደጋገሙበት በወሎ የአያት ስም ያልተጨመረበት ሰሌዳ የማን እንደሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያከራክራል። ሰዎች በመድረክ ላይ «ጋሼ»፣ «ሐጂ» ወይም «መምሬ» ተብለው ቢጠሩ ደስ ይላቸዋል፤ በእብነ በረድ ላይ የሚቀረጸው ግን ባለቤቱ ራሱ በሚጽፍበት ፊደል መሆን አለበት። ኃይሉን «ሀይሉ» ብሎ መቅረጽ ቀላል ስህተት የሚመስለው ስሙ የእርሱ ላልሆነ ሰው ነው።

ሞትን መጠበቅ

«ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም» ይባላል፤ ኮሌጆቻችንም አባባሉን እንደ መመሪያ የያዙት ይመስላል። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ አንድ ጋቢና አንድ ምሳ ተደርጎለት ይሸኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚታወሰው በለቅሶው ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ነው። ባለውለታ በሕይወት እያለ ሲመሰገን ታሪኩ ይታረማል፣ ይጨመርበታል፤ ተማሪዎቹም ፊቱን ያዩታል። ስለዚህ ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ዕድሜያቸው የገፋና የታመሙ ሰዎች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል፤ አዳራሽ መምጣት ላልቻሉትም ኮሚቴው ቤታቸው ድረስ መሄድ ነውር የለውም።

ላረፉ ሰዎች ምስጋና ሲደረግ ደግሞ ሽልማቱን ማን እንደሚቀበል ቤተሰቡ ራሱ ይወስን። ኮሚቴው አንዱን ልጅ መርጦ ቢጠራ፣ ሳያውቅ በውርስ ክርክር መካከል ሊገባ ይችላል። ፎቶግራፍ አሳድጎ ከመስቀልም በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የማይወዱ ቤተሰቦች አሉ።

ስም ሰጥቶ ታሪክ መንፈግ

ደሴ ሰውን በትምህርት ቤት ስም የማክበር የቆየ ልምድ አላት። ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ የሚጠራባቸው ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅና የእቴጌ መነን እናት ነበሩ፤ በስማቸው ትምህርት ቤት የቆመላቸው መምህር አካለ ወልድ ደግሞ በቦሩ ሜዳ ያስተማሩ ታላቅ ሊቅ ናቸው። እነዚህ ስሞች በከተማዋ አፍ ውስጥ ጸንተው ኖረዋል። አዲስ ወርክሾፕ ወይም ቤተ መጻሕፍት በሰው ስም ሲሰየም የሚፈጸመው ስህተት ስሙን በትልልቅ ፊደል ጽፎ መተው ነው፤ ከስሙ በታች ማን እንደሆኑና ምን እንደሠሩ የሚገልጹ አራት ወይም አምስት መስመሮች ከሌሉ በበሩ የሚያልፈው ተማሪ ስሙን እንደ ሰፈር ስም ይለምደዋል። ቀድሞ ስም የነበረውን ክፍል አዲስ ስም መስጠት ደግሞ አንዱን አክብሮ ሌላውን መሻር ስለሆነ ፈጽሞ ባይደረግ ይመረጣል። ስያሜውም በአንድ ዲን ቃል ሳይሆን በቦርድ ውሳኔና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል የተሰጠ ስም በሚቀጥለው ዲን ይረሳል።

ቀኑንና ማዕዱን ሳያስቡ መጥራት

ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ እርዱና ድስቱ ለየብቻ መሆን እንዳለበት ለወሎ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሆኖም ምግቡን በጨረታ አሸንፎ የሚያቀርበው ድርጅት የአገሩን ልማድ የማያውቅ ሊሆን ስለሚችል በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የጾም ምግብም አብሮ ይካተት። ዓርብ ከቀትር በፊት የተጀመረ ፕሮግራም በንግግር ብዛት ከተራዘመ ግማሹን ታዳሚ ለጁምዓ ሶላት ያስነሣል፤ በረመዳን ቀን ምሳ መጋበዝም ግብዣ አይባልም።

የአየሩም ነገር ይታሰብበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በሐምሌና በነሐሴ ጉሙና ብርዱ ይበረታል፤ ዝቅ ብላ ከምትገኘው ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሚመጡ አዛውንትን በክረምት ድንኳን ውስጥ ለሰዓታት ማስቀመጥ ማክበር አይደለም።

መድረኩን ለሹም መስጠት

ፕሮግራሙ በሦስት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ባለሥልጣኑ እስኪመጡ እስከ አምስት ሰዓት ይጠበቃል፤ ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ፣ የመክፈቻና የመልእክት ንግግሮች ይከተላሉ፤ ተመስጋኞቹ የሚጠሩት ሰው ሁሉ ወደ ምሳው ማየት ሲጀምር ነው። ስማቸው በጥድፊያ ይነበባል፣ ካባው ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይወርዳሉ። ማይክራፎኑን ሳይጨብጡ የወረዱ ሰዎች የበዓሉ ጌጥ እንጂ ባለቤት አልነበሩም። የተሻለው ተመስጋኞቹን በመጀመሪያው ሰዓት ማክበር፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ መስጠትና የባለሥልጣኑን ንግግር ወደ መዝጊያ ማዞር ነው።

ወጪውን ለመሸፈን ከሠራተኞች ደመወዝ ያለ ፈቃዳቸው መዋጮ መቁረጥም መቅረት አለበት። ከኑሮ ውድነት ጋር የሚታገል ወጣት አሠልጣኝ ደመወዙ ተቆርጦ የተገዛውን የወርቅ ሐብል በፍቅር አያየውም፤ ተመስጋኙም ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ቢያውቅ አይቀበለውም።

ከበዓሉ በኋላ ምንም አለማስቀመጥ

በዋዜማው በጥድፊያ የተጻፉት የሕይወት ታሪኮች በመድረክ መሪው ኪስ፣ ፎቶግራፎቹ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ይቀራሉ። ቀጣዩ ኮሚቴ ከዜሮ ይጀምራል፤ አንዳንዴም የተመሰገነውን ደግሞ ያመሰግናል። ለእያንዳንዱ ተመስጋኝ የምስክርነቱ ሙሉ ጽሑፍ፣ የመረጃ ሰጪዎቹ ስምና ቀኑ የሰፈረበት አንድ ፋይል ይከፈት። የ2014ቱ ዝርፊያ ሰነድን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ስላሳየ፣ አንዱ ቅጂ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛው ከግቢው ውጭ፣ ሦስተኛው በተመስጋኙ ቤተሰብ እጅ ይሁን። በፎቶግራፎቹ ጀርባም ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙት ሰዎች ስም፣ የሚያውቋቸው ሰዎች ገና ሳይበተኑ፣ በዚያው ሳምንት ይጻፍ።