ነፍሰ ጡር ሆነሽ በሙቀት ማስክ ሲያፍንሽ፦ ችግርና መፍትሄ

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ፀሐዩና አቧራው አንድ ላይ ይመጡብናል። ለክትትል የሚመጡት እናቶች ማስክ የሚያደርጉት አንዳንዶቹ ለአቧራው፣ አንዳንዶቹ ታክሲ ውስጥ ለሚያስለው ሰው ብለው ነው፤ ልክ ናቸው። እንዴት እንደሚደረግ ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ሁሉም ስለሚያውቀው በቀጥታ ወደ ችግሮቹ ልግባ።

አፈነኝ፣ አየር አጠረኝ

በጣም የማየው ይሄንን ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ማስኩ ረጥቧል። በእርግዝና ሰውነትሽ ቶሎ ይሞቃል፣ ያልብሻል፣ ትንፋሽሽም ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ በሆርሞን ምክንያት ይጨምራል። የብዙ ሴቶች አፍንጫም ይደፈናል። በዚያ ላይ የምንኖረው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ደረቅ ሰርጂካል ማስክ ልጁን አየር አያሳጣውም። በላብና በትንፋሽ ሲርስ ግን አፍንጫሽ ላይ ይለጠፋል፣ አየሩም እየተገፋ ነው የሚያልፈው።

ነጠላ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አንዷ እናት ከታክሲ ወርዳ በፀሐይ ስትመጣ በር ላይ ዞረባት። ነጠላዋን ስንገልጥ ከሥሩ ማስክ፣ ከማስኩም ሥር ሌላ ማስክ! የውስጠኛው ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ጥላ ውስጥ አስቀመጥናት፣ ግፊቷን ለካን፣ ደህና ነበር፤ ውሃ በትንሽ በትንሹ ጠጥታ ደረቅ ማስክ ስታደርግ ፊቷ ተመለሰ። ሌላዋ መንገድ ላይ የሚሸጠውን ስፖንጅ ማስክ ሳታጥብ ሰነበተችበትና አፍኖ ሊገላት ደረሰ። እነዚያን ስፖንጆች ሳይ ንድድ ይለኛል። ላብ ይመጥጣሉ እንጂ አቧራም በሽታም በወጉ አይዙም። ገንዘብሽን አትጨርሺባቸው።

መፍትሄው፦ ከቤት ስትወጪ ሁለት ሦስት ትርፍ ማስክ ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ያዢ። እንደረጠበ ቀይሪ፤ «ቤት እስክደርስ» አትበይ። የረጠበውን ፌስታል ውስጥ ቋጥሪው፤ ነገ መልሰሽ እንዳታደርጊው። የጨርቅ ከሆነ ፊትሽን የሚነካው በኩል ጥጥ ይሁን፣ ማታ ማታ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። አቧራም ሰውም የሌለበት መንገድ ላይ አውልቂውና ተንፍሺ። ቀጠሮሽንም ከተቻለ ጠዋት አስይዢ።

ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠሽ ክፈቺው። «ዝጊው፣ ነፋስ ይመታናል» የሚል አይጠፋም። ቲቢም ጉንፋንም በቀላሉ የሚተላለፈው በተዘጋ ቦታ ነው፤ ስለዚህ እርጉዝ ነኝ በያቸው፣ ጮክ ብለሽ። እኔ ራሴ በዚህ ነገር ከስንቱ ተሳፋሪ ጋር ተጨቃጭቄአለሁ።

ያቅለሸልሸኛል

ሽታው ነው። ማስኩን በበረኪና ዘፍዝፈሽዋል፣ ወይ ሽቶ ነፍተሽበታል። በተራ ሳሙና እጠቢውና ደጋግመሽ አለቅልቂው። አልኮልም አትርጪበት! የሰርጂካሉን ማጣሪያ ያበላሸዋል፣ አንቺም ቀኑን ሙሉ ትስቢዋለሽ።

ፊቴ ሽፍ አለ

ከማስኩ ሥር ቫዝሊንና ሜካፕ ይቅር።

ጆሮዬን ቆረጠኝ

ሁለቱን ላስቲኮች ከኋላ በክር አያይዣቸው።

ማስኩን ባወልቅም ዞረብኝ

እንግዲህ እዚህ ጋ ማስኩን ተዪው። ሽንት ቤት የለም ብለሽ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሳትጠጪ ውለሻል? ሁዳዴ ሙቀቱ ላይ ስለሚውል እስከ ከሰዓት ባዶ ሆዳቸውን የሚሰለፉ ብዙ ናቸው። ንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ እኛንም ጠይቂን። ምሳ በልተሽ ካረፍሽ በኋላም የሚዞርብሽ ከሆነና መዳፍሽ ከነጣ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ተመርመሪ። የተሰጠሽን የአይረን እንክብል ሆድ ያደርቀኛል ብለሽ መሳቢያ ውስጥ አትተዪው፣ ካስቸገረሽ ንገሪን።

ተቀምጠሽ እንኳ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ፊትና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ካተኮሰሽ፣ ደም ካየሽ ወይ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። መኪና ከሌለ 907 ደውሊ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።