የቀላ፣ የሚቆረቁር ወይም የደበዘዘ ዓይን፦ ሕመሙን መለየትና ሕክምናው

ዓይኑን ያመመው ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይመልከት፦ ዓይኑ ቀልቷል ወይ? ሕመም አለው ወይ? አንዱን ዓይን በየተራ ሸፍኖ ሲያይ እይታው ቀንሷል ወይ? ሦስቱም በአንድነት ከታዩ፣ በተለይም ብርሃን ማየት ካስቸገረው፣ የዓይን ቁስለት ወይም በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት መጨመር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ዓይኑ ቀልቶ፣ ጠዋት በዓይናር ተጣብቆ፣ እይታው ግን ያልተጓደለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ተላላፊ የዓይን ብግነት ነው። በቫይረስ የመጣው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት በራሱ ይለቃል፤ በባክቴሪያ ለመጣው ጠብታ ወይም ቅባት ይታዘዛል። ማሳከኩ በርትቶ በየወቅቱ ሁለቱም ዓይኖች ላይ የሚመላለሰው ግን አለርጂ ነው። ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግስ ሰዎች ያለ ትእዛዝ ደጋግመው ይጠቀሙበታል፤ ይህ ግን የዓይንን ግፊት ከፍ ሊያደርግና የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል።

በአገራችን ገጠር እጅግ የሚያሳስበው ትራኮማ፣ በተለምዶ አጠራሩ የዓይን ማዝ ነው። በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ሰው የላይኛው የዓይን ቆቡ ከውስጥ በኩል ጠባሳ እያበጀ ይሄድና ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን እየፋቀ ያቆስለዋል። ብዙ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ፋታ ቢሰጣቸውም ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ቆቡም እንደታጠፈ ይቀራል። ቆቡን የሚያቃናው ቀዶ ጥገና አካባቢውን ብቻ በማደንዘዝ በአጭር ጊዜ የሚሠራ ሲሆን፣ አስቀድሞ የጠፋን እይታ ስለማይመልስ መዘግየት አይገባም። ኢንፌክሽኑ ራሱ በአንድ ጊዜ በሚወሰድ አዚትሮማይሲን፣ ወይም በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት በሚቀባ 1 በመቶ ቴትራሳይክሊን ይታከማል፤ የልጆች ፊት በየቀኑ ካልታጠበና ዝንብ የሚራባበት ቆሻሻ ካልተወገደ ግን ይመለሳል።

ሳይቀላና ሳያም፣ በጭጋግ ውስጥ የሚያዩ ያህል ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ እይታ አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ሞራ ነው። በጠብታ አይጠፋም፤ በቀዶ ጥገና ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካበታል። «ሞራው ይብሰል» ብሎ መጠበቅም ዛሬ አያስፈልግም።

ግላኮማ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር ተያይዞ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው ሕመም፣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም ከዳር ጀምሮ እይታን ስለሚያጠብ፣ ታማሚው የሚያውቀው ብዙ ካጣ በኋላ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ግፊቱን የሚቀንሱ ጠብታዎች ሳይቋረጡ ይወሰዳሉ፣ አንዳንዴም ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ይልቁንም ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ በዚህ ሕመም የተያዘበት ሰው፣ ምንም ባይሰማውም የዓይኑን ግፊት ያስለካ፣ የዓይኑንም ነርቭ ያስመርምር።