ፕላስቲክ ላይ ያረፈ ጫና በላፕቶፕ ስክሪን እንዴት ይታያል?

ግልጽ ማስመሪያ ስታጎብጡ የትኛው ቦታው እንደተጨነቀ በዓይን አይለይም። በሁለት ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃንን ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ) መሃል ሲያዝ ግን ጫናው ቀለም ሆኖ ይወጣል። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር ይህን ካስተዋለ 200 ዓመት አልፎታል።

ላብራቶሪ አያስፈልግም። አንዱ ፖላራይዘር ከላፕቶፕ ኤልሲዲ ስክሪን ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ነው። ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ስትገዙ ስቲከሩን አትመኑ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሞክሩት፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።

ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርጉ። የክፍሉን መብራት አጥፉ። ማታ ይሻላል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም ከመሸ ከቤት አያስወጣም።

ፈተናው ማጨለሙ ላይ ነው። መነጽሩን በእጃችሁ ይዛችሁ በሌንሱ በኩል ስክሪኑን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ የጠፋ ያህል ይጨልማል። እዚያው ያዙት። ትንሽ ካዘነበለ ነጭ ብርሃን ሾልኮ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ዙሩን ጨርሳችሁም ካልጨለመ፣ ወይ መነጽሩ ተራ ነው ወይ ስክሪኑ አይሆንም። ብዙ ስልኮች ጭራሽ አይጨልሙም፤ ስለዚህ በስልክ ስክሪን አትድከሙ።

እጅ ይንቀጠቀጣል። እኔ የምመርጠው ሌንሱን የስልክ ካሜራ ላይ በፕላስተር መለጠፍ ነው። ያኔ የምታዞሩት ስልኩን ይሆናል። ካሜራው ጨለማውን በራሱ ሊያደምቀው ስለሚሞክር ብርሃኑን ቀንሳችሁ ቆልፉት።

አሁን ማስመሪያውን በስክሪኑና በሌንሱ መሃል አግድሙ። ቀለም ካነሰ ማስመሪያውን በ45 ዲግሪ አዘንብሉት። ሳትነኩትም ቀዳዳውና ጥጉ አካባቢ ቀስተ ደመና ታያላችሁ። እሱ ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ የቀረ የቆየ ጫና ነው፤ የእናንተ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ አጎብጡትና አወዳድሩ። አዲሱ ቀለም ከላይና ከታች ጠርዝ ላይ ይደረደራል፤ መሃሉ ብዙም አይለወጥም። ስትለቁት ይጠፋል።

እዚህ ላይ የተሰበረ ሞለኪውል የለም። ጫናው የብርሃኑን ፍጥነት በሁለት አቅጣጫ ስለሚያለያየው ነው ቀለሙ የመጣው። በ2009 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳዩት ሌላ መንገድ ነው። ስፓይሮፓይራን የሚባል ሞለኪውል ከፖሊመሩ (ፕላስቲኩ ከተሠራበት ረጅም ሞለኪውል) ሰንሰለት ጋር አሰሩ። ፖሊመሩ ሲወጠር በሞለኪውሉ ውስጥ አንድ ደካማ ቦንድ (አተሞችን የሚያያይዝ ትስስር) ይበጠስና ፕላስቲኩ ያለ ምንም መነጽር በዓይን ቀይ ሆኖ ይታያል። ያ ቅላት ውጥረቱ ቢላላም ወዲያው አይለቅም፤ የሚመልሰው ብርሃን ነው።